ሙታን የጠየቁት ምትክ ቦታ

የእጅ ጽሑፌ ስለማያምርና ፊደልም ስለምሳሳት በቅድሚያ ይቅርታ አድርጉልኝ።

በቀበሌያችን እኔም በቀን ሠራተኝነት የተቀጠርኩበት አዲስ መንገድ ሲሠራ ዶዘሩ የጥንት አባቶቻችን ከተቀበሩበት ቦታ ደረሰ። በመቃብሮቹ ላይ የተቀረጹ ረጃጅም ድንጋዮች ቆመዋል። ሽማግሌዎቹ «የቅርስ ባለሙያዎች መጥተው እስኪያዩት ድረስ ሥራው ይቁምልን» ብለው ለመኑ። የመንገዱ ሥራ አለቃ ግን ሳቀባቸው።

«ሟች ምን ያውቃል? እዚህ ተኛ እዚያ ተኛ ለእሱ አንድ ነው። በሉ እስከ ነገ ጠይቋቸው። አንነሳም ካሉ ባለሙያዎቹን እጠብቃለሁ። ዝም ካሉ ግን በጠዋት አርሰዋለሁ!»

በማግስቱ ዶዘሩ እያጓራ ሲመጣ፣ ለሠራተኞቹ ቆጮ የምትሸጥ አንዲት ባልቴት ከፊቱ ቆመች።

«እሺ እናቴ፣ ጠየቅሻቸው?» አለ አለቃው እያሾፈ።

«ጠየቅኳቸው ጌታዬ። እንነሳለን ብለዋል።»

ሽማግሌዎቹ ክው አሉ። አለቃው ግን ደስ አለውና «አያችሁ! ከእናንተ ሙታኑ ይሻላሉ!» አለ።

«ይሻላሉ እንጂ! ምትክ ቦታ ብቻ ነው የጠየቁት» አለች ባልቴቷ። «ለሟች ሁሉም ቦታ አንድ ከሆነ፣ የጌታዬ አባት ካረፉበት ገብተን እንተኛ ብለዋል። እንግዲህ የአባትዎን መቃብር ያሳዩንና ዶዘሩ ቁፋሮውን ከዚያ ይጀምር።»

አንድ ሰው ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሠራተኛው ሁሉ፣ የዶዘሩ ሹፌር ሳይቀር፣ በሳቅ ፈነዳ። አለቃው ላቡን ጠርጎ «ሞተሩን አጥፋው፤ ባለሙያዎቹን እንጠብቃለን» አለ።

አለቃው መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ ብዙ ጊዜ ጠይቆ ነበር። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ እኔ ነበርኩ።