የማይሠራውን የምትቆርጥ ዕቃ

በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጄኔሬተር የሚጠብቅ፣ ምላሱ ፈጣን እጁ ግን ሰነፍ የሆነ ሰው ነበር። ይህን እሱ ራሱም አይክድም። አንድ ቀን ሁለቱ ጄኔሬተሮች አብረው ሲሠሩ የሁለተኛው የነዳጅ ቱቦ ተዘጋ። ሞተሩ ግን ከአንደኛው ኃይል እየሳበ መሽከርከሩን ቀጠለ። ሰውየው ድምፁን ሰምቶ "ጎሽ፣ የኔ አንበሳ!" እያለ ጎኑን መታ መታ ሲያደርገው፣ ግድግዳው ላይ ያለችው ሪሌይ የምትባል ትንሽ የኃይል መቁረጫ ዕቃ ቀጭ አለችና ሞተሩን ከመስመር አስወጣችው።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ደምመላሽ ከነአጃቢዎቻቸው ገቡ። "ምን ሆኖ ነው የቆመው?"

"ለካስ ኃይል መስጠቱን ትቶ ከጓደኛው እየወሰደ ነበር የሚሽከረከረው፣ ጌታዬ። ይቺ ዕቃ እንዲህ ያለውን ስታይ ትቆርጠዋለች። እኔ አጠገቡ ቆሜ ሳመሰግነው ነበር።"

አቶ ደምመላሽ ወደ ሠራተኞቹ ዞረው ሳቁ። "እንዲህ ያለች ዕቃማ ለሰውም መገጠም ነበረባት! በል ንገረኝ፤ ብትገጠም መጀመሪያ የምታባርረው ማንን ነው?"

ሰውየው የባልደረባውን ስም ቢጠራ ወዳጅ ያጣል፤ የራሱን ቢጠራ እንጀራውን።

ሰውየው ራሱን አከክ አከክ አደረገ። "እኔንማ አትነካኝም፣ ጌታዬ። ስንፍናዬ እውነት ነው፤ ግን ዕቃዋ ትንሽ የሚስበውን ታልፋለች፣ ብዙ የሚስበውን ነው የምትቆርጠው። እኔ የምስበው ደመወዝ ደግሞ አንድ አምፖል አያበራም። ብቻ የምትገጠም ዕለት እርስዎ ከቤት ባይወጡ ይሻላል።"