ላባውን የነጨው አውራ ዶሮ

ተረት ተረት፤ የላባ ደረት።

በአንድ አገር በደረቱ ላባ የሚኮራ አውራ ዶሮ ነበር። ሚስቱ ገብስማዋ ዶሮ የዘሯ መጨረሻ ነበረች። አንድ ማለዳ እንቁላሎቿን እንደታቀፈች ሞታ ተገኘች። እንቁላሎቹ ከቀዘቀዙ ከእንግዲህ በዚያ አገር ገብስማ ዶሮ አይኖርም።

አውራው ሄዶ እላያቸው ላይ ተቀመጠ። አልሞቁለትም።

ይህን ያየች ቀይቱ ዶሮ፣ "አያ አውራ! ጥርስ ቢኖረኝ እስቅብህ ነበር። ደግሞ መቼ ነው የምትጥለው?" አለችው።

"ሳቂ፣ እመት ቀይቱ። ብቻ እሷ እንዴት ታሞቃቸው እንደነበር ንገሪኝ።"

ቀይቱ ቀልዷን ተወች። "ላባህ ሙቀትህን ላንተ ይዞ ያስቀረዋል። እኛ ስንታቀፍ የደረታችንን እንነጫለን። እንቁላል የሚሞቀው በገላ ነው" አለችው።

አውራው አንገቱን ደፍቶ ያን ወርቅ የመሰለ ላባ ነጨ። በባዶ ገላው ታቀፋቸው፤ በመንቁሩም እያገላበጠ፣ መጮኹን ትቶ ሰነበተ። ጎረቤት ሁሉ ሞቷል ብሎት ነበር።

አንድ ጠዋት ከደረቱ ሥር ቀጭን ድምፅ ሰማ። በር ከሌለው፣ መስኮት ከሌለው ቤት ውስጥ አንድ ነፍስ ይጣራል። አውራው መተንፈስ ፈራ። ሊመልስለት አፉን ሲከፍት የወጣው ኩኩሉ አልነበረም፤ ዝግ ያለ የእናት ድምፅ ነበር። ማን እንዳስተማረው አያውቅም።

ቅርፊቱ ተሰነጠቀ። ገብስማ ጫጩት ወጣች፤ እርጥብ ራሷንም ላባ በሌለበት ቦታ ላይ አሳረፈች።

ተረቴን መልሱ፤ የአውራውን ደረት አልብሱ።