ሬጅስትራሩ መድኃኒት ሊገዛ የወጣ ዕለት

አንድ የፋርማሲ ትምህርት ቤት ሬጅስትራር ነበር። አቶ ወንድይፍራው ይባላል። ማን ይግባ፣ ማን ይቅር የሚለው በእሱ እጅ ነው። የመግቢያ ፈተናውን ያለፈች ልጅ መስኮቱ ጋ መጥታ «እባክዎ ጋሼ፣ አልፌያለሁ እኮ!» ስትለው ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት «ቦታ ሞልቷል፣ ለከርሞ ሞክሪ» ይላታል። ስልኩ ጮሆ አንድ ወዳጁ «የእኛ ልጅ ነው፣ ፈተናው ትንሽ አስቸግሮት ነው» ካለው ግን፣ ሞልቷል የተባለው ቦታ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ይገኛል! ጉድ እኮ ነው።

ክፉ ሰው አልነበረም። ጉቦም አይበላም። «የወዳጄን ልጅ ባስተምር ምን አጠፋሁ?» ይል ነበር፣ ከልቡ።

ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን በስተርጅና ያገኛት አንዲት ልጁ ታመመች፤ ሰውነቷ እንደ እሳት ይፋጃል። ሐኪሙ መርምሮ መድኃኒት አዘዘላትና «ዛሬውኑ ይጀመርላት፣ ጊዜ የለም» አለ። አቶ ወንድይፍራው ልጅቷን ከእናቷ ጋር ወደ ቤት ልኮ፣ በአቅራቢያው ወዳለው ፋርማሲ በረረ።

ነጭ ጋዋን የለበሰው ፋርማሲስት ማዘዣውን ተቀብሎ ቀና ሲል ፊቱ በደስታ በራ።

«ጋሼ ወንድይፍራው! አላወቁኝም እንዴ? አጎቴ ደውሎልዎት ያስገቡኝ እኮ ነኝ! ውለታዎን መቼም አልረሳውም። ይቀመጡ፣ አሁኑኑ እኔ ራሴ ልሥራልዎት።»

አቶ ወንድይፍራው ክው አለ። ማዘዣውን ከእጁ መንጭቆ ወጣ።

መንገድ ተሻግሮ ሌላ ፋርማሲ ገባ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ዲፕሎማ ጠጋ ብሎ ቢያየው፣ የገዛ ፊርማው ነው! ከባንኮኒው ጀርባ ለቆመችው ፋርማሲስትስ ማን ደውሎላት ይሆን? ቢያስብ፣ ቢያስብ ትዝ አልለው አለ። ስንቱን አስገብቶ የቱን ያስታውስ?

«የኔ ልጅ» አላት ማዘዣውን እያቀበላት፣ «ትምህርት ቤት ስትገቢ ማን ነበር የደወለልሽ?»

ትርሲት የምትባለው ፋርማሲስት ከማዘዣው ቀና አለች። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ማንም! ፈተናውን አልፌ ሳለ ደጋግመው የመለሱኝ እርስዎ ነዎት። ደጅ ጠንቼ፣ ደጅ ጠንቼ በስንት መከራ ገባሁ። ዛሬ ደግሞ ዞረው እኔኑ ይጠረጥሩኛል? ኧረ ምን ጉድ ነው!»

ትርሲትም እንባዋን ጠርጋ የመድኃኒቱን ዱቄት ጠርሙስ ውስጥ በውሃ በጠበጠችለት፣ አወሳሰዱንም አስረዳችው።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ ማንኪያ ይዛ ትጠብቃለች። እሱ ጠርሙሱን ጨብጦ ተገተረ።

«ስጣት እንጂ ሰውዬ! ልጄ እየነደደች ምን ትጠብቃለህ?»

«እውነቷን ባይሆንስ?» አለ በልቡ። ትርሲት ያለችው ሁሉ እውነት ነበር፤ እሱ ግን እውነትን ከውሸት የሚለይበትን መንገድ በገዛ እጁ አጥፍቶታል። ሚስቱ ጠርሙሱን ነጥቃ አጠጣቻት።

ልጅቷ ዳነች፣ ተመስገን። አባትየው ግን እስከ ዛሬ ፋርማሲ በገባ ቁጥር መጀመሪያ ግድግዳውን ያያል፤ ፊርማውን ካገኘ ይደነግጣል።

ወዳጆቼ፣ ያልተገባውን በጓሮ በር ስናስገባ የምንጎዳው ውጭ የቀረውን ብቻ አይደለም። በላቡ የገባውንም ታማኝነቱን እንቀማዋለን። ማን እንደሚያውቅ፣ ማን እንደማያውቅ የማይለይበት ቀን ሲመጣ ደግሞ ታማሚዎቹ እኛው ነን። እስቲ ልጠይቅዎ፦ ያለ ውጤቱ እንዲገባ የለመኑለት የዘመድ ልጅ ነገ መድኃኒት ቢሰጥዎ፣ ይውጡታል?