በእበት የተለቀለቀ ስንጥቅ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ላስፈራችሁ ነው የቆምኩት። ማጽናናቱ ለሌላ ቀን ይሁን።

አንድ ሰው ነበር። ደጋው ላይ መሬት ቢጠብበት ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ከትልቁ ገደል ሥር ወዳለው ሜዳ ወረደ። መሬቱን ሲያይ ዓይኑን ማመን አቃተው። ለጥ ያለ፣ ጥቁር፣ ለመድኃኒት የሚሆን ጠጠር የማይገኝበት! ማረሻው አንድም ቦታ ሳይደናቀፍ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል።

የአገሬው ሰው ግን አንድ ልማድ ነበረው። እርሻው ሜዳው ላይ ነው፤ ቤቱ ከገደሉ ወገብ፣ ድንጋያማው እርከን ላይ። ሲመሽ ከብቱን እየነዳ ያንን አቀበት ይወጣል። ሰውየው ይህን ሲያይ ሳቀ። «ለም መሬት ትቶ ድንጋይ የሚንተራስ ሕዝብ ዛሬ አየሁ!» አለና ጎጆውን ከሜዳው መሀል ቀለሰ።

ሱጌቦ የሚባሉ የሰፈሩ ሽማግሌ ሊያዩት መጡ።

«ልጄ፣ እዚህ እረስ እንጂ እዚህ አትተኛ» አሉት።

«ለምን አባቴ?»

«ይህ ሜዳ ይወርዳል። ተራራው ወደ ላይ ይነሣል፣ ሜዳው ወደ ታች ይሰምጣል። አባቶቻችን ያዩት ነው።»

«ይሰምጣል? ታዲያ ጉድጓዱ የታለ? ይኸው ለጥ ያለ አይደለም እንዴ!»

«ለጥ ያለውማ ስለሚሰምጥ ነው» አሉት። «በጎደለ ቁጥር ጎርፉ ከተራራው አፈር አምጥቶ ይሞላዋል። አፈር በጣም የሚከማቸው በጣም በሚሰምጠው ላይ ነው፣ ልጄ።»

አክብሮ ሸኛቸው። በልቡ ግን «ሰው ሲያረጅ ጉልበቱ ሲከዳው መሬቱ የከዳው ይመስለዋል» አለ።

ትስቃላችሁ? ሳቁ። እሱም ስቆ ነበር።

አንድ ክረምት አለፈ። በሁለተኛው ክረምት ሚስቱ ታደለች ወለል ስትጠርግ መጥረጊያዋ ቆመ። ከምሰሶው ሥር ተነሥቶ እስከ ልጆቹ መደብ የሚደርስ፣ እንደ ክር የቀጠነ ስንጥቅ።

«የማቴዎስ አባት፣ እስቲ ይህን ና እይልኝ።»

አየው። ሽማግሌው ትዝ አሉት። ታዲያ ምን አደረገ? ጭቃ አቡክቶ ሞላው፤ እበት አምጥቶ ለቀለቀው። ወለል መለቅለቅ የሴት ሥራ ነው እያለ የኖረ ሰው በገዛ እጁ ለቀለቀ! እንግዳ መጥቶ «ምን ያለ የሚያምር ወለል ነው» ሲለው ደስ አለው።

ስንጥቁ ተመለሰ። ለቀለቀው። እንደገና ተመለሰ። እንደገና ለቀለቀው።

በበጋው ውኃ ስለራቀባቸው ከጓሮ ጉድጓድ አስቆፈረ። ቆፋሪዎቹ ወረዱ፣ አፈር። ደግሞ ወረዱ፣ አፈር። ከዚያ ከታች የዶማው ድምፅ ጸጥ አለ።

«ምን አገኛችሁ?» ብሎ ጮኸ።

«ጋሼ… ጉልቻ ነው።»

በገመድ ወረደ። ሦስት ጉልቻ እንደተጎለተ ቆሟል፤ መሀሉ አመድ። ጥላሸቱን ሲነካው ጣቱ ጠቆረ። ቀና ሲል ሰማዩ ከላይ ሰፌድ አክሎ ታየው። እዚህ ሰው ወጥ ሠርቷል። እዚህ ልጅ እሳት ሞቋል። ያኔ ይህ ሜዳው ነበር፤ ያም ሰው «ለጥ ያለ መሬት አገኘሁ» ብሎ ይሆናል። ፈራ ወገኖቼ፣ እንደዚያ ፈርቶ አያውቅም።

ሲወጣ ታደለች «ምን አለ?» አለችው።

«ምንም። ውኃ የለውም» አላት። ቆፋሪዎቹን ለማንም እንዳይናገሩ አስማለና ጉድጓዱን አስደፈነ።

ያን ካየ በኋላ ለምን ልጆቹን ይዞ አልወጣም? ምክንያቱም የሳቀባቸው ሰዎች ደጅ ቆሞ «ቦታ ስጡኝ» ማለት ሞት መሰለው። አፍሮ ነው! ከመሬቱ ይልቅ ሐሜቱን ፈራ።

ክረምቱ ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተራራው ጠቆረ፤ ከወለሉ ሥር ጉርምርምታ ተሰማ።

«ምንድን ነው?» አለች ታደለች።

«ነጎድጓድ ነው።»

«ነጎድጓድ ከላይ ነው የሚመጣው! ተነሥ፣ ልጆቹን እንያዝ።»

ትንሿ ልጅ ሰላማዊት አተኩሷት መደቡ ላይ ተኝታ ነበር። «እሷን ተያት፣ ተኝታለች፤ ዝናብ ይመታታል» አለ። ታደለች ግን ልጅቷን ከነጋቢዋ ጠቅልላ አነሣች፤ ሌሎቹን ከፊቷ አስቀድማ አቀበቱን ተያያዘችው።

እሱስ? ጭቃ እያቦካ ነበር! ተንበርክኮ ስንጥቁን ሞላው። ጭቃው ገባ፤ ሲያርፍ አልተሰማም። ሌላ ጨመረ፤ እሱንም ዋጠው። ያን ጊዜ ጎርፉ ደረሰ። በግቢው አልፎ አልሄደም፤ ቤት ገብቶ ወደ ስንጥቁ ወረደ። የስንጥቁ አፍ ተከፈተ፤ ምሰሶው ዘመመ። ሰውየው ዘሎ ወጣ፤ ዞር ሲል የልጆቹ መደብ ከነግድግዳው ሲገባ አየ። «ተያት» ያላት ልጅ የተኛችበት መደብ።

እርከኑ ላይ ሲደርስ ሱጌቦ አንድም ቃል አልወቀሱትም፤ ቁርበት አነጠፉለት። እሱ ግን መቀመጥ አልቻለም። የሰላማዊትን ትንሽ እግር ከጋቢው ሥር ፈልጎ በጭቃማ እጁ ያዘና እንደ ሕፃን አለቀሰ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። የሞላ ሁሉ የዳነ ይመስላችኋል?

አንተ ወንድሜ፣ ሚስትህን አዋርደህ ይቅርታ እንደማለት ቀሚስ ገዛህላት። ለቀለቅኸው እንጂ ምን አደረግህ? እናንተ ወንድማማቾች፣ በአባታችሁ ርስት ተካስሳችሁ፣ በዓል ሲመጣ ትሳሳማላችሁ፤ ከዚያ እስከ ሌላው በዓል አትነጋገሩም። እኛስ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች? በመካከላችን ስንጥቅ ስናይ መዝሙር ከፍ አድርገን እንዘምራለን፤ እንግዳ መጥቶ «ምን ያለ ፍቅር ነው» ይለናል። ደስ ይለናል!

ለምን አንናዘዝም? ለምን አንታረቅም? የሳቅንባቸው ሰዎች ደጅ መቆም አሳፍሮን ነው። እሺ፣ ያሳፍራል። አያሳፍርም አልላችሁም።

ግን ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ልጆቻችሁን እዩአቸው። እናንተ ስለለቀለቃችሁት እነሱ ምን ያውቃሉ? ወለሉ ደህና ነው ብላችኋቸው አምነዋችሁ፣ እላዩ ላይ ተኝተዋል።