የፊታውራሪ ኳስና የጠራጊው መነጽር

ፊታውራሪ ድልነሣው የአውራጃ ገዥ ሆነው ከተሾሙ ወዲህ ቴኒስ መጫወት ለመዱ፤ ኳሱ ግን እሳቸውን አልለመደም። ከመስመር ውጭ በወደቀ ቁጥር ሹማምንቱ በአንድ አፍ "ገብቷል ጌታዬ!" ይላሉ። አንድ ቀንማ ኳሳቸው ሜዳውን አልፎ ሄደና አግዳሚ ወንበር ላይ ተራውን ይጠብቅ የነበረውን ጸሐፊ ዓይኑን አለው። ጸሐፊው ራሱ ዓይኑን በእጁ እንደያዘ "ገብቷል" አለ።

እሱ ሐኪም ቤት ሲተኛ፣ በምትኩ እንዲጫወት የሜዳው ጠራጊ ታዘዘ። ይህ ጠራጊ ምላሰኛ ነው። ራኬቱን ይዞ እዚያው አግዳሚ ላይ ተራውን ሊጠብቅ ሲቀመጥ፣ ከብረት ሠሪ ወንድሙ የተዋሰውን ወፍራም የዓይን መከላከያ መነጽር ግጥም አድርጎ አጠለቀ።

ፊታውራሪ አዩትና ጨዋታውን አቆሙ።

"ምንድን ነው ያጠለቅከው? የእኔን ኳስ ፈርተህ ነው? ፈራሁ ካልክ፣ እኔ ፈሪ አላሠራም፤ ዛሬውኑ ትባረራለህ። አልፈራሁም ካልክ ደግሞ አሁኑኑ አውልቀው!"

ሹማምንቱ መሬት መሬት አዩ። ጠራጊው ተነሥቶ እጅ ነሣ፤ መነጽሩን ግን አልነካም።

"የእርስዎን ኳስ ምን ብዬ ልፍራው ጌታዬ? አንድም ቀን ከመስመር ወጥቶ እንደማያውቅ እነዚህ ሁሉ ይመሰክራሉ። እኔ የምፈራው ያን ውጭ የሚወድቀውን ነው፤ የማን እንደሆነ እስካሁን የነገረኝ የለም። ባለቤቱን ጌታዬ ካወቁት ይንገሩኝ፤ ያን ጊዜ አወልቃለሁ።"