በፍሬም የተሰቀለው ደብዳቤ

አንድ ሰው ነበር። ስሙን አልናገርም፤ ዘመዶቹ እዚሁ መካከላችን ተቀምጠዋል።

ይህ ሰው አንዲት ወንዝ በአፈር ገድቦ ትንሽ መዝናኛ ከፈተ። ሁለት ጀልባ አለው፣ የዓሣ ጥብስ አለው፣ እሑድ እሑድ ሙሽሮች ፎቶ ይነሱበታል። የግድብ ደኅንነት የምትመረምር ኢንጂነር ትርሲት የምትባል ሴት መጥታ አየችና "ሦስተኛ ደረጃ" ብላ ጻፈችለት።

ሰውየው እንቅልፍ አጣ። እኔ ነኝ ሦስተኛ? እያለ ሚስቱን አሰለቻት። ስለዚህ ሥራ ጀመረ። በግድቡ አናት ላይ አበባ ተከለ፣ ከግድቡ ሥር ባለው ለምለም ሜዳ ላይ አዳራሽ አቆመ፣ የሠራተኛ ቤት ሠራ፣ በመጨረሻም ልጆቹን ይዞ እዚያው ገባ።

በሁለተኛው ዓመት ኢንጂነሯ ተመልሳ መጣች። ዞራ አየች፣ ለካች፣ ደብዳቤ ላከች። "አንደኛ ደረጃ" ይላል።

ወገኖቼ፣ እናንተ ብትሆኑ ከዚያ በታች ታነቡ ነበር? እሱ አላነበበም። በመስታወት ፍሬም አስገባው፤ ወረቀቱ ሲረዝምበት ግርጌውን ወደ ኋላ አጠፈው። በሬ ጣለ፣ ሁለት መቶ ሰው ጠራ፣ ኢንጂነሯንም የክብር እንግዳ አደረጋት። ድግሱስ የት ነው? ከግድቡ ሥር፣ አዳራሹ ውስጥ።

ትርሲት መጣች፤ አልተቀመጠችም። የተሰቀለውን አየች፣ የሚሯሯጡትን ሕፃናት አየች።

"ጋሼ፣" አለችው ቀስ ብላ፣ "ደብዳቤዬን እስከ መጨረሻው አላነበቡትም? ደረጃ የምንሰጠው ለግድቡ ማማር አይደለም። ቢፈርስ ውሃው ለሚወስደው ሰው ነው። ያን ጊዜ ከሥሩ ሣር ብቻ ነበር፣ ሦስተኛ አልነው። አሁን ልጆችዎ አሉ፣ አንደኛ አልነው።"

ሚስቱ ፍሬሙን አውርዳ ወረቀቱን ዘረጋችው። ግርጌው "ፍልፈል ግድቡን ቦርቡሮታል፤ እስኪጠገን ድረስ ከሥሩ ሰው እንዳያድር፣ እንዳይሰበሰብ" ይላል።

ሁለት መቶ እንግዳ ሳህኑን እንደያዘ ዳገት ወጣ። ሥጋውን ጥሎ የሸሸ አንድም ሰው የለም። እኔም እዚያ ነበርኩ፤ አልጣልኩም። ባለቤቱ በአዲስ ሱፉ ጭቃ ውስጥ ገብቶ የውሃ መልቀቂያውን ከፈተ። እስከ ማታ ውሃው ጎደለ፣ ጀልባዎቹም ጭቃ ላይ ተቀመጡ። ያኔ አለቀሰ። "ለካ በሬ የጣልኩት ለልጆቼ አደጋ ነው" አለ።

እናንተስ? የፊት ወንበር ተሰጣችሁ? ኃላፊ ተባላችሁ? አባወራ ተባላችሁ? እሰይ። ግን ከፍ ያላችሁት ስላማረባችሁ መሰላችሁ? ከበታቻችሁ ሰው ስለበዛ እኮ ነው። ብቻችሁን ሳላችሁ ብትፈርሱ የሚረጥበው ሣር ነበር። ያቺ ትንሽ ቁጣ፣ ያቺ "ለዛሬ ብቻ" የምትሏት የአረቄ መለኪያ፣ ፍልፈል ናት። አበባ ብትተክሉባትም ትቆፍራለች።

እኔም "ሰባኪ" የሚል ወረቀት ግድግዳዬ ላይ ሰቅያለሁ። ግርጌውን ሚስቴ በየቀኑ ታነብልኛለች፣ ደስ አይለኝም።

ዛሬ ቤት ስትገቡ የሰቀላችሁትን አውርዱ። የታጠፈውን ዘርጉ። እዚያ ግርጌ ላይ የልጃችሁን ስም ታገኛላችሁ።