ወጌሻውና ሁለቱ ግንበኞች

አንድ ሰው ነበረ፤ አገሩ ሁሉ «እጁ መድኃኒት ነው» የሚለው ወጌሻ። ይህ ሰው የበሽተኛ ጩኸት አይወድም። «አፍ ይዋሻል፣ ደም ስር ግን አይዋሽም» ይል ነበር። ስለዚህ የተሰበረውን ቦታ በአንድ እጁ ጫን እያደረገ በሌላው የበሽተኛውን አንገት ይዳስሳል። ሲጫን የደም ስሩ ምት ይፈጥናል፣ ሲለቅ ይረጋጋል። ዘዴው ይሠራል፤ ይህን ልንክደው አንችልም።

አንድ ቀን ሁለት ግንበኞች ከአንድ ርብራብ ላይ ወድቀው መጡለት። ሁለቱም የተሰበሩት ቀኝ ክንዳቸውን ነው። ወጌሻው ስቦ አገጣጠመ፣ በቀርከሃ ስንጥር ደገፈ፣ በአቡጀዲ እኩል ጠቅልሎ አሰረና እስኪጠግግላቸው እቤቱ አስተኛቸው።

በማግሥቱ አንደኛው ማቃሰት ጀመረ። «አባቴ፣ እሳት ነው። ይፍቱልኝ።»

ወጌሻው አንገቱን ዳሰሰ። ከዚያ ዝም ብሎ የተኛውን ጓደኛውን ዳሰሰ። ሁለቱም እኩል ይመታሉ። ፊቱ ጠቆረ።

«ስብራታችሁ አንድ፣ እስራታችሁ አንድ፣ ደም ስራችሁ አንድ። እሱ የቻለውን አንተ ምን ሆነህ ነው? ብፈታልህ ክንድህ ተጣሞ ይቀራል፣ መዶሻም አታነሣበትም።»

ክፉ ሰው አልነበረም። ቶሎ ተፈትቶ የተጣመመ ክንድ ስላየ ከልቡ ፈርቷል። ግን ከዚያ ወዲያ ሰውየውን መጠየቅ ተወ። ጩኸቱ በበዛ ቁጥር አንገት መዳሰስ ብቻ አበዛ፤ ምቱም ያው ከጓደኛው እኩል ነው። የሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይባላል፤ እሱስ እንጨቱን በጨርቅ አሥሮ ነበር የሰደደው።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ማቃሰቱ ቆመ። ወጌሻው በሩ ላይ ሆኖ «ለመደው» አለና ደስ አለው። ያን ጊዜ ዝምተኛው ግንበኛ ቀና ብሎ ተቀመጠና የጓደኛውን ጋቢ ገለጠ። ጣቶቹ አብጠው ጠቁረዋል።

«አባቴ፣ እኔ እኮ ይህን ያህል አላመመኝም» አለ። «ልቤ የሚመታው በፍርሃት ነው። በዚህች እጅ ስድስት ልጅ አበላለሁ። እኔ የቻልኩት ሕመም የለም፣ በኔ አይፍረዱበት።»

መልስ አልጠበቀም። አንድ እጁ ታስሯልና ጎንበስ ብሎ የጓደኛውን ቋጠሮ በጥርሱ ያዘ። ወጌሻው ትከሻውን ጨምድዶ ጎተተው። «ተው፣ አጥንቱ ይለቃል።» ሰውየው አልተወም። ጨርቁ ላላ ሲል ወጌሻው የጣቶቹን ቀለም ከቅርብ አየ።  ተንበርክኮም የቀረውን ራሱ ፈታ።

ከአምስቱ ጣቶች የተረፉት ሦስት ናቸው።

ይህን ተረት ሲያወሩ የነበሩት አንድ ሽማግሌ ሐኪም ናቸው፤ ሲያበቁ ወደ ተማሪያቸው ወደ ረድኤት ዞሩ።

«ዛሬ ጠዋት የጠየቅሽኝ ይህንኑ ነው፣ ልጄ። ለጥናትሽ የአንጎላቸውን ምስል በመሣሪያ ያነሣሻቸው ሁለት ሴቶች ምስላቸው አንድ ሆኖ፣ ሕመማቸውን ከአሥር ስንት ነው ስትያቸው አንዷ ዘጠኝ፣ ሌላዋ ሦስት አሉሽ። ማንን ልመን አልሽ። መሣሪያሽን አልንቅብሽም። የወጌሻው ጣት ሲጫንና ሲለቅ እንደሚያውቅ፣ መሣሪያሽም የአንድን ሰው ሕመም ሲብስና ሲቀል መከተል ይችላል። ወጌሻው የሳተው የአንዱን ደም ስር ለሌላው ሕመም ሚዛን ባደረገ ጊዜ ነው። ምስሉ ያላሳየሽን የምታውቀው የሕመሙ ባለቤት ራሷ ናት።

«ዘጠኝ ያለችሽ ሴት እስካሁን አልጋዋ ላይ ናት። ‹ምስሉ አይደግፋትም› ብለሽ ማስታገሻዋን ከጠዋት ጀምሮ ይዘሽባታል። አሁን ደግሞ ዝም ብላለች አሉኝ። ተነሺ፣ ሂጂና ጠይቂያት።»